ሰላጣን በጓሮ ስለ ማልማት

ሰላጣ በትንሽ መሬት ላይ ቶሎ የሚደርስ የጓሮ አትክልት ነው። ይሁን እንጂ ሳይበስል ስለሚበላ ከጎመን ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለጓሮ የሚሻለው ሳይጠቀለል ቅጠሉን ዘርግቶ የሚያድገው ዓይነት ነው፤ ከአንዱ ተክል ደጋግሞ መቁረጥ ይቻላልና።

1ኛ/ ጊዜው፤ ሰላጣ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብባል፤ ቅጠሉም ይመራል። ስለዚህ በቆላ የምትኖሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዝሩ። በወይና ደጋ በጥር መጀመሪያ የተዘራው በመጋቢት መጀመሪያ ገደማ ስለሚደርስ ለዐቢይ ጾም ገበያ ይውላል።

2ኛ/ መደቡ፤ ሳትረግጡ ለማረም እንዲመቻችሁ የመደቡን ወርድ 1 ሜትር አድርጉ። በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። እርጥብ ፍግ ግን በሽታ ስለሚያመጣ በፍጹም አትጨምሩ።

3ኛ/ አዘራሩ፤ ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ ከግማሽ ሳንቲም ሜትር በላይ አትቅበሩት፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። መደቡን በስሱ ሣር አልብሱ፤ ቡቃያው ሲታይ ሣሩን አንሡ። ችግኙ 4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፥ ፀሐይ ከበረደ በኋላ፥ በ25 ሳንቲም ሜትር ርቀት አዛውራችሁ ትከሉ።

4ኛ/ ውሃው፤ የሰላጣ ሥር ወደ ታች ብዙ ስለማይጠልቅ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡ። ከከተማ በታች የሚወርድ ወንዝ፥ ለምሳሌ የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከመው አቃቂ፥ ለሰላጣ አይሆንም። እንዲህ ያለው ውሃ ወስፋትን፥ አሜባንና የአንጀት ተስቦን ሊያመጣ ይችላል። ቅጠሉን ማጠብ ቆሻሻውን ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያስወግድም። የፋብሪካ መርዝ ያለበት ውሃ ከሆነ ደግሞ መቀቀልም አይረዳም። ስለዚህ ከንጹሕ ጉድጓድ፥ ከተጠበቀ ምንጭ ወይም ከቧንቧ ቅዱ።

5ኛ/ አቈራረጡ፤ የውጪዎቹ ቅጠሎች አንድ ስንዝር ያህል ሲሆኑ በማለዳ ቍረጡ፤ የመካከሉን እምቡጥ አትንኩ፤ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ግንዱ ወደ ላይ መምዘዝ ሲጀምር ቅጠሉ ስለሚመር ነቅላችሁ ሌላ ትከሉበት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ የገበሬውን ጓሮ ስትጎበኙ ከሁሉ አስቀድማችሁ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ጠይቁ። ቅጠሉ ምንም ቢያምር፥ በቆሸሸ ውሃ ያደገ ሰላጣ ለልጅም ለገበያም አይቀርብም።