የላይኛው ጥርስ መግልና የፊት ደም መልሶች

«ጥርስ ሰው ይገድላል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው ይስቃል። ጥርስ ያማል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጉንጭ ያሳብጣል፤ ከዚያ ይነቀልና ይረሳል። ይሁን እንጂ የጥርስ ሕክምና ተማሪ መርፌና ጉጠት ከመጨበጡ በፊት የራስና የአንገት ደም ሥሮችን አንድ በአንድ እንዲያጠና የሚገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ከዚሁ ትምህርት ውስጥ ነገ በየገጠሩ ለሚመደብ መምህር የሚጠቅመውን ያህል እንመለከታለን። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ሥፍራ፣ ፊቱ አብጦ ክፍል የገባን ልጅ አስቀድሞ የሚያየው ሐኪም ሳይሆን መምህሩ ነውና።

መጀመሪያ መሠረቱን እናስታውስ። ደም ቅዳ ከልብ ወደ አካል ይወስዳል፤ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በታችኛው መንጋጋ ጠርዝ ላይ ወይም ከጆሮ ፊት ለፊት ጣታችንን ብናሳርፍ ትርታው ይሰማናል። ደም መልስ ግን ስስ ነው፤ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ አይመታም። በእግር ውስጥ ያሉት ደም መልሶች ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ብዙ ቫልቮች አሏቸው። የፊቶቹስ?

ለብዙ ዘመን መጻሕፍት «የፊት ደም መልሶች ቫልቭ የላቸውም» ሲሉ ኖረዋል፤ ብዙዎቻችንም የተማርነው እንዲያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ቫልቮች እንዳሉ አሳይቷል። በእኔ አስተያየት ተማሪን በዚህ ጉዳይ ማጨናነቅ ጥቅም የለውም፤ ዋናው ቁም ነገር መስመሮቹ እርስ በርስ መገናኘታቸው ነው። መስኖ ያየ ሰው ይኸን ለመረዳት አይቸገርም። ዋናው ቦይ በደለል ሲደፈን ውኃው በጎን ቦይ ዞሮ ያልታሰበ ማሳ ውስጥ ይገባል። ደምም በእብጠት ሲታፈን ወይም በመንገዱ ላይ ሲረጋ እንዲሁ በቀለለው በኩል ይሄዳል።

ወደ ራስ ቅል ውስጥ የሚያስገቡት የጎን ቦዮች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከፊት ነው። ከዐይን ውስጠኛ ማዕዘን ተነሥቶ በአፍንጫ ጎን ወደ መንጋጋ የሚወርደው የፊት ደም መልስ፣ በላይኛው ጫፉ ከዐይን ጉድጓድ ደም መልስ ጋር ይገናኛል፤ ይኸኛው ደግሞ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይዘልቃል። ሁለተኛው ከኋላ ነው። ከላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ በስተጀርባ፣ በማኘኪያ ጡንቻዎች መካከል፣ እንደ መረብ የተጠላለፉ ደም መልሶች አሉ፤ ቴሪጎይድ ፕሌክሰስ ይባላሉ። ከዚያም ቀጫጭን መስመሮች በራስ ቅል ወለል ቀዳዳዎች ያልፋሉ። የሁለቱም መድረሻ አንድ ነው፤ ካቨርነስ ሳይነስ የሚባለው የደም ገንዳ።

ይኸ ገንዳ ከአንጎል ሥር፣ ከዐይኖች በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ ይገኛል። ትንሽ ቢሆንም የያዘው ነገር ከባድ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ በውስጡ ያልፋል፤ ዐይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭም እንዲሁ በውስጡ ያልፋል። ሌሎቹ ዐይን አንቀሳቃሽ ነርቮችና የግንባርና የጉንጭ ስሜት ነርቮች ደግሞ በጎኑ ግድግዳ ውስጥ ናቸው። የግራውና የቀኙ ገንዳ በመካከላቸው መገናኛ አላቸው።

ታዲያ ባክቴሪያ ከበሰበሰ ጥርስ ተነሥቶ እዚህ ቢደርስና ደሙ ቢረጋ ምን ይታያል? ከላይ ያለውን ልብ ያለ ሠልጣኝ ምልክቶቹን ሐኪም ሳይጠይቅ ሊናገር ይችላል። ከዐይን የሚወጣው ደም መውጫ ስላጣ ቆቡ ያብጣል፤ ዐይኑም ፈጥጦ ወደ ፊት ይገፋል። ዐይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭ በገንዳው ውስጥ ስላለ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ልጁ ወደ ጎን ሲመለከት አንዱ ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ግንባሩ ይደነዝዛል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ብርቱ ራስ ምታት አብረው ይመጣሉ። መገናኛው ክፍት ስለሆነም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ደኅናው ዐይን ማበጥ ይጀምራል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከዚህ በሽታ የሚተርፍ እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬም ቢሆን ፈጥኖ ሆስፒታል ላልደረሰ አደገኛ ነው።

በሽታው ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም፤ ሰውን ለማስፈራራት አልተነሣንም። ነገር ግን ከሁለቱ የአፍ ማዕዘኖች እስከ አፍንጫ መነሻ ድረስ ያለው ሦስት ማዕዘን ሐኪሞች «አደገኛው ሦስት ማዕዘን» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ክልል የወጣ ብጉንጅ አይጨመቅም። (በመኝታ ቤታችን መስታወት ፊት ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ይመለከታል።)

ከጥርሶች መካከል የላይኛው ክራንቻ ሥሩ ረጅም በመሆኑ መግሉ ወደ ዐይን ውስጠኛ ማዕዘን ይጠጋል። የላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ለኋላው መረብ ቅርብ ነው። ስለዚህም የማደንዘዣ መርፌ እዚያ አካባቢ ደም ሥር ከወጋ ጉንጩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያብጥ ይችላል፤ ይኸኛው የፈሰሰ ደም እንጂ መግል ስላልሆነ በልዞና ቀለሙን ለውጦ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

የታችኛው መንጋጋ መግል ጉዞው ሌላ ነው። ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው በሽታ ይኸ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያሠጋው መታነቅ ነው። አገጩ ሥር እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ምላሱ ወደ ላይ የተነሣ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ልጅ ሰዓት አይሰጥም። ፈረንሳዊው ለሚየር ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. ከጉሮሮ ቁስል ተነሥቶ ትልቁን የአንገት ደም መልስ ስለሚያረጋው በሽታ ጽፏል፤ የቆጠራቸው ሕሙማን 20 ሲሆኑ 18ቱ ሞተዋል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የአንገት አንድ ጎን ማበጥና ትኩሳት፣ ቀጥሎም የደረት ውጋት ሲመጣ ይኸ ይታሰባል።

አንድ ነገር ለብቻው መነሣት ይገባዋል። አንዳንድ ልጅ ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ይዞ ያድጋል፤ «ማርያም ስማው ነው» እንላለን። ከተወለደ በኋላ ወጥቶ በመጀመሪያው ዓመት የሚያድገው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ውስጥ ራሱ ይሟሽሻል። ሲወለድ ጀምሮ ያለው ጠፍጣፋ ቀይ ግን ይቆያል፤ በግንባርና በዐይን ቆብ ላይ ከሆነና ልጁ የሚጥል በሽታ ካለበት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የተደበቀ የደም ሥሮች ጥልፍልፍም አለ፤ ጥርስ ያላግባብ ይነቃነቃል፣ ድድ ያለ ምክንያት ይደማል። እንዲህ ያለውን ጥርስ በቤት ውስጥ በክር ወይም በጉጠት መንቀል ሊቆም የማይችል ደም ማፍሰስ ነው።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። በየቤቱ ያበጠ ፊት «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ አንዳንዴም በምላጭ ይበጣል። የሕፃናትን ግግ ማውጣትም እንዲሁ ባልተቀቀለ ስለት የሚፈጸም፣ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ የሚያጋልጥ ልማድ ነው። መምህሩ ከወላጅ ጋር ሙግት መግጠም አያስፈልገውም። «ዳማከሴውን እሹት እማማ፣ ምላጩ ግን ይቅር፤ ልጁም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ» ማለት ይበቃል።

ልጁን ብርሃን ላይ አቁሞ ጣትን ከአፍንጫው ፊት ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ማንቀሳቀስ ነው፤ ራሱን ሳያዞር በዐይኑ ብቻ ይከተል። ለጤና ጣቢያው በሚላከው ማስታወሻ ላይ ይኸ ይጻፍ፦ እብጠቱ የጀመረበት ቀን፣ የታመመው ጥርስ የላይ ወይም የታች መሆኑ፣ ትኩሳት መኖሩ፣ የትኛው ዐይን ወደ ውጭ መዞር እንዳቃተው፣ ተበጥቶ ከሆነም መቼና በምን።