ከፊትም ከኋላም አንድ የሆኑ ቁጥሮች

የዛሬው የሒሳብ ትምህርታችን መጽሐፍ አይፈልግም። እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል፤ እሱም ከጠፋ በጭራሮ መሬት ላይ መጻፍ ይቻላል።

«ማማ» እና «ንብን» የሚሉትን ቃላት ከኋላ ወደ ፊት አንብቧቸው። አልተለወጡም። ከቁጥሮችም እንዲህ ያሉ አሉ፤ 77፣ 121፣ 4554። ፓሊንድሮም ይባላሉ። 123 ግን ሲገለበጥ 321 ስለሚሆን ከእነዚህ ወገን አይደለም።

ስንት ናቸው?

ከ1 እስከ 9 ያሉት ሁሉም ፓሊንድሮም ናቸው፤ 9 ሆኑ። ባለ ሁለት አሃዞቹ 11፣ 22፣ 33 እያሉ እስከ 99 ይሄዳሉ፤ እነሱም 9 ናቸው።

ባለ ሦስት አሃዞቹስ? ከ100 እስከ 999 ድረስ 900 ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም ጽፎ መፈለግ ደብተር መጨረስ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት እናስብ። መቶ ቤቱና አንድ ቤቱ እኩል መሆን ስላለባቸው፣ አንዱ ከታወቀ ሌላውም ታወቀ። የምንመርጠው መቶ ቤቱንና አስር ቤቱን ብቻ ነው። ለመቶ ቤቱ ከ1 እስከ 9 ድረስ 9 ምርጫ አለን፤ 0 አይሆንም፣ 050 ማለት 50 ነውና። ለአስር ቤቱ ከ0 እስከ 9 ድረስ 10 ምርጫ አለን። 9 × 10 = 90።

ባለ አራት አሃዞቹም እንዲሁ ናቸው። 45ን ከመረጣችሁ ቀሪው 54 ራሱ ይመጣል፤ 4554። ስለዚህ እነሱም 90 ናቸው። እስከ 9999 ድረስ 9 + 9 + 90 + 90 = 198 ሆነ። አንዱንም ሳንዘረዝር ሁሉንም ቆጠርን።

የ11 ምስጢር

ባለ አራት አሃዝ ፓሊንድሮም ሁሉ ለ11 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለምን? 4554 ማለት 4 × 1001 ሲደመር 5 × 110 ነው። 1001 = 11 × 91፣ 110 = 11 × 10። ሁለቱም ለ11 ስለሚካፈሉ ድምራቸውም ይካፈላል። በ4 እና በ5 ፈንታ ሌላ አሃዝ ብታስገቡም ምክንያቱ አይለወጥም። 1991 እና 2002 ዓመተ ምሕረቶች እንዲህ ዓይነት ነበሩ፤ ቀጣዩ 2112 ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ጠባይ የአጻጻፋችን ጭምር ነው። 121 በግዕዝ አኃዝ ፻፳፩ ተብሎ ይጻፋል። መቶ፣ ሃያና አንድ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ሲገለበጥ አንድ አይሆንም።

ገልብጦ መደመር

58ን ገልብጣችሁ ደምሩ፤ 58 + 85 = 143። እንደገና፤ 143 + 341 = 484። ፓሊንድሮም ደረስን። 89 ግን 24 ጊዜ መደመር ይጠይቃል። 196ስ? በኮምፒውተር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሃዞች እስኪኖሩት ድረስ ተደምሮ ፓሊንድሮም አልተገኘም፤ ፈጽሞ አይገኝም ብሎ ያረጋገጠም የለም። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሊቅም፣ በዚህ መጠለያ መሬት ላይ የሚጽፍ ልጅም ፊታቸው ያለው ጥያቄ አንድ ነው።

ለወላጆች

«እኔ አልተማርኩም» ብላችሁ አትራቁ። ልጃችሁ መልስ ሲሰጣችሁ «ለምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን የያዘ ልጅ፣ ነገ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢፈተን አይቸገርም። ደብተር በጊዜው ባይደርስም የማሰብ ልማድ አይቋረጥበት።

መልመጃ

1. ባለ አምስት አሃዝ ፓሊንድሮሞች ስንት ናቸው?
2. 68ን እየገለበጣችሁ ደምሩ። በስንተኛው ደረሳችሁ?
3. ባለ ሦስት አሃዞቹስ ሁሉም ለ11 ይካፈላሉ? 121ን እና 131ን ሞክሩ።

መልሱን ከነምክንያቱ ለየክፍል መምህራችሁ አሳዩ። በርቱ!