የሰው ጉበት የተተከለባት አይጥ

በሰቆጣም ሆነ በዳህና ደጋ ዐይኑ ብጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቈረ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ይዞት ነው» ይባላል። ስሙ በመላው አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ከላይ የበረረ ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ በሽታውን ያመጣል ከሚለው እምነት የተወለደ ነው። ሐኪም ግን ብጫነቱን ምልክት እንጂ በሽታ አይለውም። ጉበትን ከሚያቈስሉት መካከል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲና ኢ የተባሉ አምስት ቫይረሶች አሉ። ኤና ኢ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣሉ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ በሠራዊቱ መካከል የተነሣው ወረርሽኝ የኢ ሥራ እንደ ነበረ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው አሳይተዋል። ቢ ግን በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ተላልፎ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። በ2016 የወጣ የጥናቶች ድምር በአገራችን ከመቶ ሰው 7 ያህሉ ቢ እንዳለበት ገምቷል።

ታዲያ ይህን ቫይረስ በምን እናጥናው? ተራ አይጥን አይዝም። ወደ ጉበት ሴል የሚገባበት በር በ2012 በቤጂንግ ታውቋል፤ ኤን ቲ ሲ ፒ የሚባል ፕሮቲን ነው። አይጥም የራሷ አላት፤ ቅርጹ ግን ስለሚለይ ቁልፉ አይገጥምም። የሰውን በር ብቻ ለአይጥ ሴል መስጠትም ለቢ አልበቃም። ቀድሞ ምርምሩ በቺምፓንዚ ይካሄድ ነበር፤ ወጪው ከባድ፣ ለኅሊናም የሚከብድ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ጉበቱን ራሱን ለመለወጥ አሰቡ። በ2007 የተገለጸችው አይጥ ታይሮሲን የተባለውን የምግብ ክፍል አፍርሶ የሚጨርስ ኤንዛይም የላትም፤ ስለዚህ መርዝ በጉበቷ ይጠራቀማል። መድኃኒት እየተሰጣት ትኖራለች። ባዕድ የሚያባርረው የሰውነቷ መከላከያም አስቀድሞ በዘሯ ተነሥቷል። ከዚያ ከተለገሰ ጉበት የተወሰዱ የሰው ሴሎች በጣፊያዋ በኩል ይሰጧትና መድኃኒቱ ይቋረጣል። የራሷ ሴሎች ይሞታሉ፤ የሰዎቹ ኤንዛይሙ ስላላቸው ይበዛሉ። አረሙ በራሱ ጊዜ እየደረቀ ገብሱ እርሻውን ሲሞላው ማለት ነው! ከጉበቷ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው የሰው ሊሆን ይችላል፤ ከታማሚ ደም የተወሰደ ቫይረስም ይይዛታል።

ፍሬው በወረቀት ብቻ አልቀረም። ቫይረሱን በበሩ ላይ የሚያግደው ቡሌቪርታይድ፣ ቀደም ባለ ዘዴ በተዘጋጁ የሰው ጉበት ባላቸው አይጦች ላይ ተፈትኖ በ2008 ውጤቱ ታተመ፤ በ2020 በአውሮፓ ለዲ ሕሙማን ተፈቀደ። ዲ ደግሞ ያለ ቢ ሊኖር የማይችል ጥገኛ ነው።

ጉድለቷ ግን ትንሽ አይደለም። በቢ ሕመም ጉበትን በብዛት የሚጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን እርሱን የሚያሳድደው የራሳችን መከላከያ ነው፤ ይህች አይጥ ያንን ተነጥቃለች። የሰው ጉበትና የሰው ደም ሴሎች በአንድነት የተተከሉባቸው አይጦች ተሠርተዋል፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ተስፋ ከዚያ ወገን ነው።

ክትባቱ ግን አይጧን አልጠበቀም። በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 (እ.ኤ.አ.) በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት ነበር፤ ከዚያ በፊት የተወለድን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። በልደት ጊዜ ከተያዙት ሕፃናት ከመቶ 90 ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ይቀራሉ፤ በጉልምስና ከተያዙት ግን ከመቶ 5 አይሞሉም። ሰቆጣ ላይ የምትወልድ እናት ደሟ የሚመረመረው ስለዚህ ነው፤ የእኛንም ደም ማስመርመር የአንድ ቀን ጉዳይ ነው።