የቧንቧ ጩኸት፦ መንስኤውና መፍትሔው

በዚህ የትምህርት አምዳችን በየቤቱ ስለሚሰማው የውሃ ቧንቧ ጩኸት እንማማራለን። ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከካምፕ ወጥተው በናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቧንቧ በዘጉ ቁጥር ግድግዳው «ዷ! ዷ!» ሲል ይሰማሉ። ድምፁ የሚያስፈራ ቢሆንም መንስኤው ይታወቃል፤ አብዛኛውንም በትንሽ ወጪ ማስተካከል ይቻላል።

ጩኸቱ ከምን ይመጣል?

በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ክብደት አለው። በግማሽ ኢንች ቧንቧ 10 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ኪሎ በላይ ውሃ ይገኛል። ቧንቧው በድንገት ሲዘጋ ይህ ሩጫ የሚሄድበት ስለሚያጣ ግድግዳውን ይመታል። ይህም «የውሃ መዶሻ» ይባላል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ1890ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሞስኮ ባደረገው ሙከራ የምቱን ኃይል አስልቶ አሳይቷል። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በቅጽበት ቢቆም ግፊቱ 12 ባር ያህል ይጨምራል። ከቧንቧው አፍ 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ የጣሪያ ታንከር የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ መጋጠሚያ ለምን እንደሚላላና ቧንቧ ለምን እንደሚፈነዳ እንረዳለን።

በመጀመሪያ ማዳመጥ

ፈንዲ ከመጥራታችን በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ እንለይ።

1. ቧንቧ ስንዘጋ አንድ ጊዜ ቢመታ፣ የውሃ መዶሻ ነው። ቀስ ብለን እንዝጋ። ዋናውን ሳራቺኔስካ በጥቂቱ ብናጠብበው የውሃው ሩጫ ይቀንሳል፣ ምቱም ይለዝባል። ቧንቧው ከግድግዳው ላልቶ ከሆነ በፋሸታ እንሰረው፤ በመካከሉም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ እናስገባ።

2. ውሃው እየወረደ ቢያጓራ ወይም ቢንቀጠቀጥ፣ ብዙውን ጊዜ የቧንቧው ጎሚኒ አልቋል ወይም ላልቷል። ዋናውን ዘግተን፣ የቀረውን ውሃ አፍስሰን፣ ቧንቧውን ፈትተን በልኩ አዲስ ጎሚኒ እንቀይር።

3. ታንከር ወይም የሽንት ቤት ሳጥን ሲሞላ ደጋግሞ ቢመታ፣ ጋላጃንቴው በማዕበሉ እየተወዛወዘ ውሃውን ይከፍትና ይዘጋል ማለት ነው። ያረጀ ከሆነ ይቀየር። ካልሆነም ከክንዱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃው ውስጥ እንዲጠልቅ አድርጎ ማንጠልጠል ውዝዋዜውን ያበርደዋል።

4. ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቢያስነጥስና ቢተፋ፣ አየር ገብቷል። በናይሮቢ የንዳካይኒ ግድብ በመጉደሉ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ውሃ በፈረቃ መታደል ስለጀመረ ይህ የተለመደ ነው። ውሃው ሲመጣ ዋናውን በጥቂቱ ብቻ ከፍተን፣ ከሁሉ ከፍ ያለውን ቧንቧ ገርበብ አድርገን አየሩ እስኪወጣ እንጠብቅ።

ማሳሰቢያ፦ በመታጠቢያ ቤት የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ካለ መብራቱን ከዋናው ሳናጠፋ ምንም ነገር አንንካ። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ከመፍታታችን በፊት ለባለቤቱ ወይም ለጠባቂው እንንገር፤ ኋላ የሚፈነዳው ቧንቧ በተከራይ እንዳይሳበብ።

ለካምፕ ነዋሪ ምን ይጠቅማል?

ይህ ትምህርት ለከተማ ብቻ አይደለም። መስመሩ በረዘመ ቁጥር በድንገት መዝጋት የበለጠ ይጎዳል። በ10 ሜትር ቧንቧ ውስጥ የግፊቱ ማዕበል ሄዶ ለመመለስ ከሴኮንድ ክፍልፋይ አይበልጥም፤ በ600 ሜትር የፕላስቲክ መስመር ግን 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በውሃ ማደያችን ቧንቧውን በእርጋታ፣ ቢያንስ እስከ 5 እየቆጠርን እንዝጋ። የዋናውን መስመር ሳራቺኔስካ የሚዘጋ ሰው ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ይውሰድ።

ጉዳቱ የሚፈሰው ውሃ ብቻ አይደለም። መስመሩ ባዶ ሲሆን ወይም ግፊቱ ሲወርድ፣ በተሰነጠቀው ቦታ በኩል በዙሪያው የተኛው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ኮሌራና ተቅማጥ ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። እርጥብ መሬት ወይም የሚንጠባጠብ መጋጠሚያ ያየ ሰው ለውሃ ኮሚቴው ወዲያው ይንገር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏልና።

ይህንኑ ምት ሰው ለጥቅሙም አውሎታል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሞንጎልፊዬ በ1796 (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ፓምፕ ከላይ በሚወርድ ውሃ ምት ብቻ፣ ያለ ነዳጅና ያለ መብራት፣ ከውሃው ጥቂቱን ወደ ከፍታ ይገፋል። ወንዝና ቁልቁለት ባለበት በአገራችን ደጋ ይህን ማወቅ ነገ ሥራ ሊሆነን ይችላል።

የክለሳ ጥያቄዎች

ሀ. ታንከር ሲሞላ ደጋግሞ የሚመታው ለምንድን ነው?
ለ. ረጅም መስመር ከአጭር ይልቅ ቀስ ተብሎ መዘጋት ያለበት ለምንድን ነው?
ሐ. በሠፈራችሁ ማደያ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አለ? ከሥሩ ባልዲ አኑራችሁ በአንድ ሰዓት ስንት ሊትር እንደሚባክን ለኩና በ24 አባዙት፤ ውጤቱንም ለውሃ ኮሚቴው አሳዩ።