«ወሀነ» የሚለው ግሥና የአማርኛ ፍቹ

በዐረብኛ ቋንቋ «ወሀነ» የምትባል ግሥ አለች፤ ጽኑ የነበረው ነገር መላላቱን፣ ኀይሉም መጕደሉን ታመለክታለች። ስሟ «ወህን» ነው። ከተርጓሚዎቻችን ብዙዎቹ «ደከመ» ብለው ይፈቷታል፤ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጕምም በሉቅማን ምዕራፍ የእናትን እርግዝና ሲያወሳ «ድካም» የሚለውን ቃል ይዟል። ስሕተት አይደለም። ነገር ግን የአማርኛው «ደከመ» ሁለት ፊት ስላለው ሰሚው ቀላሉን ፊት ይዞ ይሄዳል።

ሮብ ገበያን ተመልከቱ፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወገን መጥቶ ጤፍ ሲሰፍርና ሲያስጭን የዋለ ነጋዴ ማታ «ደከመኝ» ቢል፣ ሌሊቱን ተኝቶ ሐሙስ ጧት ይበረታል። «ደክሞ ያገኘው ገንዘብ» ሲባልማ ምስጋና ነው። እንግዲህ የእናት «ድካም» ሲነበብ ብዙ ሰው የሚሰማው ልፋቷን ብቻ ነው። ዐረብኛው ግን ቃሉን ሁለት ጊዜ ደራርቦ የሚናገረው፣ ወር ወርን ሲተካ ጕልበቷ ከራሷ እየተቀነሰ መሄዱን ነው። ሚስቱ ጧት ተነሥታ እንጀራ ስለ ጋገረች ደኅና ናት ብሎ የሚያልፍ ባል፣ ድካሙን እንጂ ወህኑን አላየም።

ለዚህ አማርኛ የራሱ ግሥ አለው፤ «መነመነ» ይባላል። ፊደሎቹ ተደጋግመው እንደ ቆሙ ልብ አድርጉ። «ሸረሸረ» እና «ቦረቦረ» እንዲሁ ናቸው፤ ጎርፍ አፈርን፣ ነቀዝም እህልን ጥቂት በጥቂት ሲጨርሱ የምንናገርባቸው ናቸውና። ብዙ ጊዜ «እየመነመነ ሄደ» ተብሎ ይነገራል፤ ቅጽሉ «መንማና»፣ አድራጊውም «አመነመነ» ነው። የበሽተኛ ሰውነት፣ ደን፣ ተስፋም ይመነምናሉ። የነጋዴ መነሻ ገንዘብም እንዲሁ፤ በየሮቡ ከትርፉ ሳይሆን ከዋናው ጥቂት እያነሣ ለቤት ወጪ የሚያውል ሰው በየትኛውም አንድ ሮብ ጕድለቱን አያየውም። መዝገብ የያዘ ብቻ ያየዋል።

ባንድ ቀን ለደረሰ ጥፋት ግን ይህ ግሥ አይነገርም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ጠፉ። ይህን «ሀብታቸው መነመነ» የሚል ሰው ቃሉን አላወቀውም፤ «ወደመ» ነው የሚባለው። ሊመነምን የሚችለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሱቁን እንደ ገና የመክፈት ሐሳብ፣ ከጎረቤት ጋር የነበረው መተማመን። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ከደረሰው መከራ በኋላ በኣሊ ዒምራን ምዕራፍ ለአማኞች የተነገረውም ክልከላ በዚችው በ«ወሀነ» ነው። ሞቱና ቍስሉ ባንድ ቀን የሆነ ነበር፤ የተከለከለው ከዚያ ቀን ወዲያ በልብ የሚጀምረው ነው። እዚህ ላይ «አትድከሙ» ብንል ሰሚው ዕረፍት የተከለከለ ይመስለዋል፤ «ልባችሁ አይመንምን» ብንል ግን ወደ ነገሩ እንቀርባለን።

ሆኖም በሁሉ ቦታ አይገባም። በዐንከቡት ምዕራፍ የሸረሪት ቤት በዚሁ ቃል ተነግሯል፤ የሸረሪት ቤት ግን ሲሠራም ደካማ ነበረ እንጂ ጸንቶ ኖሮ አልመነመነም። በዚያ ቦታ «ደካማ» የሚለው የቀድሞው ፍች ይጽና።