ልብ ሲጨነቅ ደም ምን ይናገራል?

ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ በምትገኘው ዳቬይተን ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩም አብጦ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ለሐኪሙ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይቀርባል። ሕመሙ የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ሊሆን ይችላል። ምልክታቸው ይመሳሰላል፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለመለየት የሚረዳው የልብ አልትራሳውንድ ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ታዲያ ማን በቅድሚያ ወደ ሆስፒታል ይላክ? የደም ምርመራ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው።

ከልብ የሚወጣው መልእክት

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት ሳይሆን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ተሳነው ማለት ነው። የልብ ታችኛው ክፍል ግድግዳ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ጡንቻው 108 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ያመነጫል። ፕሮቲኑም ለሁለት ይከፈላል። 32 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቢኤንፒ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወግድ፣ የደም ሥሮችም እንዲሰፉ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። 76 ያሉት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ደግሞ በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመለካት ይመቻል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ቢኤንፒን እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ ያገኙት በአሳማ አንጎል ውስጥ ነበር፤ ዋነኛ ምንጩ ልብ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 1,586 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ በሚሊሊትር 100 ፒኮግራም ቢኤንፒን እንደ መለያ ልክ ወሰደ። በዚህ ልክ ምርመራው የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶውን ለየ፤ ከሌለባቸው ደግሞ 76 በመቶውን በትክክል አገለለ። ልኩን ዝቅ ማድረግ የሚያመልጡትን ሕሙማን ይቀንሳል፤ በስሕተት የሚጠረጠሩትን ግን ያበዛል። ከዚህም የተነሣ ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው የልብ ድካምን ለማግለል ነው፤ ከፍ ያለ ቁጥር በአልትራሳውንድ መረጋገጥ ይኖርበታል። ዕድሜ፣ የኩላሊት ሕመምና የተዛባ የልብ ምት ቁጥሩን ከፍ ሲያደርጉት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ቁጥሩን ከሕመምተኛው ተነጥሎ አያነብም።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

ኢትዮጵያንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 የልብ ድካም ሕሙማን የተመዘገቡበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው የደም ግፊት ሲሆን ድርሻውም 45 በመቶ ነበር። በ180 ቀናት ውስጥ 18 በመቶ ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል። በሽታው ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው በሥራ ዕድሜው የሚነጥቅ ነውና፣ ቀድሞ ማወቁ ትርጉሙ ትልቅ ነው።

ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እግሩ የሚያብጥ ሰው ድካም ነው ብሎ ሳይዘናጋ ይመርመር። የደም ግፊትን መለካት ደግሞ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የለበትም።