በጾም ወራት ለአጥንታችን ምን እንመገብ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾም ሲገባ ከእናቶቻችን የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ወተቱም አይቡም ቀርቶ 55 ቀን ስንከርም አጥንታችን በምን ሊጠና ነው?» ይላሉ። ይህን መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም። ዳንኤልና ጓደኞቹ ጥራጥሬ በልተው ውሃ ጠጥተው ፊታቸው አምሮ መታየቱን በትንቢቱ ምዕራፍ 1 እናነባለን። ነገር ግን እነርሱ ወጣቶች ነበሩ፣ ፈተናውም 10 ቀን ነበር። ከእኛ መካከል ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ የ70 ዓመት አዛውንት አሉ። በተለይ የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች አጥንታቸው ቶሎ ስለሚሳሳ፣ ትንሽ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል።

አጥንትን የሚያጠነክረው ማዕድን ካልሲየም ይባላል። አዋቂ ሰው በቀን ወደ 1000፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ደግሞ ወደ 1200 ሚሊግራም እንድታገኝ ይመከራል። እውነቱን ለመናገር ያለ ወተት ይህን መሙላት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ጓዳችን ባዶ አይደለም።

ከጤፍ እንጀምር። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ150 እስከ 180 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ያንኑ ያህል ፉርኖ ዱቄት ግን ብዙውን ጊዜ 20 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ እንጀራውን ትተን በዳቦና በፓስታ የምንጾም ሰዎች ምን እንደቀረብን እናስተውል። የእናቶቻችን እርሾም ዋዛ አይደለም! እህል ውስጥ ማዕድኑን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ይቀንሳል። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ባቄላውን መዘፍዘፋችንም እንዲሁ ይረዳል።

ጎመንን የድሃ ምግብ ብሎ የሚንቅ ሰው ተሳስቷል። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙን ሰውነታችን ከወተት ባላነሰ ሁኔታ ይወስደዋል። ቆስጣና ስፒናች ግን ለዓይን ቢያምሩም ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየማቸውን ስለሚይዘው ለዚህ ጉዳይ ጎመንን አይተኩም።

ሰሊጥ ደግሞ አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ልጣጩ ያልተነሣ ሰሊጥ ወደ 90 ሚሊግራም ይይዛል። ሁሉም ባይዋሐደንም፣ ቆልቶና ፈጭቶ በፍትፍት ወይም በጥብጦ መጠጣት መልካም ነው። ነጭ ሆኖ የተፈተገው ሰሊጥ ግን አብዛኛውን ካልሲየም ከልጣጩ ጋር ጥሏል፤ ገበያ ስትወጡ ይህን አትርሱ። ተልባም እንዲሁ ጥሩ ነው።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ፣ ሁሉን በአንድ ማዕድ አትጨርሱት። ሆዳችን በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ በደንብ አይወስድምና ከጎመኑ ለማታም ይተርፍ።

ምግቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ካልሲየም ወደ ደማችን እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እርሱንም በአብዛኛው የምናገኘው ከፀሐይ ነው። ቤት የሚውሉ አረጋውያንን ረፋድ ላይ ወደ ደጅ አውጧቸው፤ ክንዳቸውን ከነጠላው ገለጥ አድርገው 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቀመጡ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ የክረምቱ ፀሐይ ለዚህ ስለማይበቃችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

መራመድና መቆም አጥንትን ያበረታል፤ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ ለዚህም ይጠቅማል። ስግደትን በተመለከተ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን። አጥንታቸው መሳሳቱ በሐኪም የተነገራቸው ሰዎች ወገባቸውን ደጋግመው አጥብቀው ሲያጎነብሱ የጀርባ አጥንታቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። እነዚህ ሰዎች እንደ ጎረቤታቸው ካልሰገድሁ ብለው ከመታገላቸው በፊት ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ሐኪማቸውንም ያማክሩ። እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕሙማንም ስለ ጾሙ እንዲሁ ያድርጉ። ለአጥንት የታዘዘላችሁን ኪኒንም «ጾም ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።